የሎንዶን ከንቲባ ምርጫና የሕፃናት ትንፋሽ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ዘወትር የምንጽፈው ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና ጥበቃ ነው። ዛሬ ስለ ምርጫ፥ ይልቁንም ስለ አንድ የውጭ አገር ከተማ የከንቲባ ምርጫ ለመጻፍ ብንነሣ፥ «ይህ የፖለቲካ ነገር ነውና በፊተኛው ገጽ ይጻፍ እንጂ ወደ ቤተ ሰብ ገጽ ምን አመጣው?» የሚለን አንባቢ ሳይኖር አይቀርም። እኛ ግን ነገሩን መርምረን ባየነው ጊዜ ከክርክሩ ሁሉ ሥር ያገኘነው የአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትንፋሽ ስለ ሆነ፥ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘንለትም። የምንጠቅሰው ዓመትና ወር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የሎንዶን ከተማ ከጢስ ጋራ የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ የድንጋይ ከሰል በከተማው እንዳይነድ ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዳሩ ግን ዐዋጅ ብርድን ስለማያሸንፍ ሕዝቡ ማንደዱን አልተወም። ስድስት መቶ ዓመት እንዲህ ሲሆን ከኖረ በኋላ፥ በ1952 ዓ.ም. ከዲሴምበር 5 ቀን እስከ 9 ቀን ድረስ ነፋስ ጠፍቶ ብርዱ በረታና፥ ከየቤቱ ምድጃና ከየፋብሪካው የወጣው ጢስ ከጉም ጋራ ተደባልቆ በከተማው ላይ ተደፋ። ሰው የገዛ እግሩን ማየት ተሳነው፤ አውቶቡሶች ቆሙ፤ በሳድለርስ ዌልስ ቴአትር ቤት ተመልካቹ መድረኩን ማየት ስላልቻለ ጨዋታው ተቋረጠ፤ ለስሚዝፊልድ የከብት ትርኢት ከመጡት ከሰቡት በሬዎች አንዳንዶቹ መተንፈስ አቅቷቸው ሞቱ። የበሬዎቹን ሞት ሁሉም ወዲያው አወቀ፤ የሰዉ ሞት ግን የታወቀው የሬሳ ሣጥን ሻጮች ሣጥን፥ አበባ ሻጮችም አበባ ባለቀባቸው ጊዜ ነው ይባላል። በመጀመሪያ የሞተው ሰው 4,000 ያህል ነው ተባለ፤ ኋላ ግን ሊቃውንት መዝገቡን እንደገና አገላብጠው 12,000 ያህል ሳይሆን እንዳልቀረ ገመቱ።

ስለዚህ በ1956 ዓ.ም. የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ማዘጋጃ ቤቶች ጢስ የማይወጣባቸውን ሰፈሮች እየለዩ እንዲያስታውቁ ሥልጣን ተሰጣቸው፤ በነዚያ ሰፈሮች የሚኖርም ሰው ምድጃውን ለመለወጥ ከሚያወጣው ወጪ የሚበዛውን እጅ መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቱ ይከፍሉለት ነበር። ሕጉ በአንድ እጁ ከለከለ፥ በሌላው እጁ ረዳ። ይህነን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ በኋላ ይፈለጋልና።

የከሰሉ ጢስ ከጠፋ በኋላ ብዙ ሰው የሎንዶን አየር ነጻ የሆነ መሰለው። ዳሩ ግን በከሰሉ ፈንታ ዐይን የማያየው ሌላ ጢስ ገብቶ ነበር። አውቶሞቢል፥ ይልቁንም ናፍጣ የሚያነድ ሞተር፥ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየርና ከጠጕር እጅግ የቀጠነ ብናኝ ያወጣል። ይህ ብናኝ ከመቅጠኑ የተነሣ በአፍንጫና በጕሮሮ ሳይያዝ እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይዘልቃል። ሕፃን ደግሞ ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ቁመቱም አጭር ስለ ሆነ አፍንጫው ለመኪናው ጢስ መውጫ ይቀርባል።

ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የተባለች ልጅ ከእናቷ ከወይዘሮ ሮሳመንድና ከታናናሾቿ ጋራ በሎንዶን ደቡብ ምሥራቅ፥ ሉዊሻም በሚባለው ወረዳ ትኖር ነበር። ቤታቸው ሳውዝ ሰርኩላር ከተባለው መኪና ከማይለየው ታላቅ መንገድ የሚርቀው 25 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልጅቱ ዋናና ሙዚቃ የምትወድ፥ ባደገች ጊዜም አውሮፕላን ነጂ ለመሆን የምትመኝ ነበረች። በ2010 ዓ.ም. ሰባት ዓመት ሳይሞላት ሳል ያዛት፤ ሳሉም ወደ ብርቱ የአስም በሽታ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ 30 ጊዜ ያህል ወደ ሐኪም ቤት እየገባች ተኛች። እናቷ የምትችለውን ሁሉ አደረገች፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጠች፥ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ጠበቀች። ከሐኪሞቹ ግን «ከዚህ መንገድ አጠገብ መኖራችሁ ለልጅቱ ጠንቅ ነው» ብሎ የነገራት አልነበረም። ኤላ በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በዘጠኝ ዓመቷ ሞተች።

ከዚህ ወዲያ ያለው የችሎት ታሪክ ስለ ሆነ፥ መዝገብ ስንጽፍ የምንውል ሰዎች እንደ መሆናችን መጠን ጥቂት ብንዘገይበት አንባቢ ይታገሠናል ብለን እናምናለን። በእንግሊዝ አገር ሞቱ ያጠራጠረ ሰው ሲገኝ የሞቱን ምክንያት ብቻ የሚመረምር ዳኛ አለ። ይህ ዳኛ በማንም ላይ ቅጣት አይፈርድም፤ ሥራው «ይህ ሰው ማን ነው? መቼ፥ የት፥ እንዴትስ ሞተ?» የሚለውን መርምሮ መጻፍ ነው። በ2014 ዓ.ም. በተደረገው በመጀመሪያው ምርመራ ኤላ በብርቱ አስም መተንፈስ አቅቷት እንደ ሞተች ተጻፈና መዝገቡ ተዘጋ። እናቲቱ ግን አስሙን ያባባሰው ምን እንደ ሆነ ሳታውቅ ለመቀመጥ እንቢ አለች። ሰር ስቲቨን ሆልጌት የተባሉት የሳንባ በሽታ ሊቅ ልጅቱ የታመመችባቸውን ቀናትና በአካባቢው የተለካውን የአየር መበላሸት አስተያይተው በ2018 ዓ.ም. ሁለቱ የተያያዙ መሆናቸውን ጻፉ። በዚህም ማስረጃ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 ዓ.ም. የፊተኛውን ውሳኔ ሽሮ አዲስ ምርመራ እንዲደረግ አዘዘ። በዲሴምበር 16 ቀን 2020 ዓ.ም. መርማሪው ዳኛ ፊሊፕ ባርሎ፥ የአየሩ መበላሸት ለሞቷ በእርግጥ ድርሻ እንደ ነበረው ወሰኑ። ለእናቲቱም ስለ አየሩ ጕዳት ማስታወቂያ እንዳልተሰጣት፥ ቢሰጣት ኖሮ ግን ልጇን ለማዳን አንድ ነገር ልታደርግ ትችል እንደ ነበረ ጨምረው ጻፉ። በእንግሊዝ አገር በሞት ማስረጃ ወረቀት ላይ የአየር መበላሸት የሞት ምክንያት ሆኖ የተጻፈው በዚህች ልጅ ስም መጀመሪያ ነው። በ2024 ዓ.ም. ኦክቶበር ደግሞ መንግሥቱ ከቤተ ሰቡ ጋራ የነበረውን ክርክር በዕርቅ ጨርሶ ማዘኑን ገለጠ።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። ሎንዶን ለመላው ከተማ አንድ ከንቲባ በሕዝብ ድምፅ መምረጥ የጀመረችው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከንቲባው የሚመረጠው ለአራት ዓመት ሲሆን፥ ከሥልጣኑ አውራው የመንገድና የመጓጓዣ ሥራ ነው። ስለዚህ በየምርጫው የሚነሣው ክርክር ዞሮ ዞሮ ወደ መኪናና ወደ አየር ይመጣል። በመጀመሪያው ምርጫ ሚስተር ኬን ሊቪንግስተን በግላቸው ቆመው አሸነፉና፥ እንዳሰቡትም ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ከተማው መካከል በመኪና የሚገባውን ሁሉ በቀን 5 ፓውንድ አስከፈሉ። በ2004 ዓ.ም. ተወዳዳሪያቸው ሚስተር ስቲቭ ኖሪስ ቀረጡን እሽራለሁ ብለው ተነሡ፤ ሕዝቡ ግን ሊቪንግስተንን መልሶ መረጠ። በ2008 ዓ.ም. ሚስተር ቦሪስ ጆንሰን አሸንፈው ቀረጡ ወደ ምዕራብ የተስፋፋበትን ክፍል አስቀሩ። ይኸው የጆንሰን አስተዳደር ግን ብዙ የሚያጨስ መኪና ወደ ከተማው መካከል ሲገባ የሚከፍልበትን፥ «ዩሌዝ» የተባለውን ክልል አስቦ ደንቡን በ2015 ዓ.ም. አጸደቀ። ይህነን ማንሣታችን ያለ ነገር አይደለም፤ ኋላ ክልሉን ለማጥበብ የተነሡት የጆንሰን ወገን የሆኑት የኮንሰርቫቲቭ ሰዎች ናቸውና።

በ2016 ዓ.ም. የተመረጡት ሚስተር ሳዲቅ ካን (ዛሬ ሰር ሳዲቅ) የአውቶቡስ ነጂ ልጅ ናቸው። እሳቸውም ካደጉ በኋላ አስም ስለ ያዛቸው፥ ስለ አየር ሲናገሩ የገዛ ደረታቸውን ያህል ያውቁታል። የዩሌዝን ክልል ከታሰበው ጊዜ አስቀድመው በኤፕሪል 8 ቀን 2019 ዓ.ም. በከተማው መካከል ጀመሩት፤ በኦክቶበር 2021 ዓ.ም. ኤላ ትኖርበት እስከ ነበረው እስከ ሳውዝ ሰርኩላር መንገድ ድረስ አሰፉት፤ በኦገስት 29 ቀን 2023 ዓ.ም. ደግሞ የሎንዶንን ወረዳዎች ሁሉ እንዲያጠቃልል አደረጉ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በጠቅላላው ከ2006 ዓ.ም. ገደማ በፊት የተሠራ የቤንዚን መኪና፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በፊት የተሠራ የናፍጣ መኪና በክልሉ ውስጥ በተነዳበት ቀን ሁሉ 12 ፓውንድ ተኩል ይከፍላል። ያልከፈለ 180 ፓውንድ ይቀጣል፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈለ እኩሌታው ይማርለታል። የሚጠብቀው ዘበኛ ሳይሆን በየመንገዱ ምሰሶ ላይ የተተከለ፥ የመኪናውን ቍጥር የሚያነብ ካሜራ ነው።

ተቃውሞው የተነሣው ከዳር አገሩ ነው፤ በቀላሉም የሚናቅ አልነበረም። በከተማው መካከል የሚኖር ሰው ከምድር በታች ባቡርና በየጥቂት ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ አለው፤ በዳር የሚኖረው ግን ብዙ ጊዜ ያለ መኪና ወደ ሥራው መድረስ አይሆንለትም። ክፍያው የሚቈጠረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ሆነ፥ በአሮጌ መኪና ከምሽቱ ወደ ሐኪም ቤት ሄዳ ስታስታምም አድራ ጧት የምትመለስ ሴት የሁለት ቀን፥ ማለት 25 ፓውንድ ትከፍላለች። ዕቃ ጫኝ መኪናው ሱቁም መሥሪያ ቤቱም የሆነችለት የእጅ ሠራተኛም አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የናፍጣው ነገር ነው። መንግሥቱ በ2001 ዓ.ም. የመኪና ግብር በሚወጣው በካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን እንዲሆን ስለ ደነገገ የናፍጣ መኪና ግብሩ ቀለለና፥ ብዙ ሰው የመንግሥትን ሐሳብ ተከትሎ ናፍጣ ገዛ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ያው ሰው «መኪናህ ልጆችን ይጐዳል፥ ክፈል» ተባለ። ሰው ሕግን አክብሮ በሠራው ሥራ ሲቀጣ ቢያጕረመርም አይፈረድበትም። (በአገራችንም ከ2024 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ከውጭ እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፥ የዚህ ዐይነቱ ክርክር ለኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።)

እዚህ ላይ የ1956ቱን ሕግ እናስታውስ። ከንቲባውም አሮጌ መኪናውን ለሚያስወግድ ሰው የሚሰጥ ገንዘብ አዘጋጅተው ነበር፤ ለአንድ አውቶሞቢል ይሰጥ የነበረው ቢበዛ 2,000 ፓውንድ ነበር። ነገር ግን ይህ ርዳታ መጀመሪያ የተፈቀደው የመንግሥት ድጎማ ለሚቀበሉ ችግረኞች፥ ለአካለ ስንኩላን፥ ለበጎ አድራጎት ማኅበሮችና ለትናንሽ ነጋዴዎች ብቻ ነበር፤ ለሎንዶን ነዋሪ ሁሉ የተፈቀደው ክልሉ ሊሰፋ ሳምንት ያህል ሲቀረው፥ ጩኸቱ ከበረታ በኋላ ነው። ከከተማው ወሰን ውጭ በሰሪና በኬንት እየኖረ ወደ ሎንዶን ለሥራ የሚገባው ሰው ግን ከፋይ ሆኖ ሳለ ከርዳታው አልተካፈለም። በኛ አስተያየት የከንቲባው ሐሳብ መልካም ሲሆን የጐደለው ይህ ነው፤ የ1956 ሰዎች ምድጃውን ሲከለክሉ ገንዘቡን አብረው አቅርበው ነበርና። እንደዚሁም ሚስተር ካን በ2021 ዓ.ም. ሲመረጡ ክልሉን እስከ ዳር ድንበር አደርሰዋለሁ ብለው ለመራጩ አልገለጡም፤ ሐሳቡን ያስታወቁት በ2022 ዓ.ም. ነው። የሕዝቡን አሳብ በጠየቁ ጊዜም ከመለሱት ሰዎች የሚበዙት እንዳይሰፋ ተቃውመው ነበር።

አራት የሎንዶን ወረዳዎችና ጎረቤታቸው የሰሪ አውራጃ በአንድነት ሆነው ከንቲባውን ከሰሱ። ዳኛ ስዊፍት በጁላይ 28 ቀን 2023 ዓ.ም. ለከንቲባው ፈረዱ። ይህ ፍርድ በብዙ ሰው ዘንድ በተሳሳተ መንገድ ተነግሯል። ችሎቱ «ክልሉ ቢሰፋ መልካም ነው» ወይም «ክፉ ነው» አላለም፤ «ከንቲባው ይህን ለማድረግ በሕግ ሥልጣን አላቸው፥ ሥርዐቱንም ጠብቀዋል» ብቻ ነው ያለው። መልካምና ክፉውን መፍረድ ለመራጩ ቀረ።

መራጩም ቀድሞ አንድ ምልክት አሳይቶ ነበር። ፍርዱ ሊሰጥ ስምንት ቀን ሲቀረው፥ በጁላይ 20 ቀን፥ ሚስተር ጆንሰን በተዉት በአክስብሪጅ የፓርላማ ወንበር በተደረገው ምርጫ የኮንሰርቫቲቭ ወገን ዩሌዝን ብቻ እያነሣ ተከራክሮ በ495 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። የከንቲባው የገዛ ወገን የሆነው የሌበር ተወዳዳሪ እንኳ «ጊዜው አይደለም» ብሎ ነበር፤ የወገኑ መሪም ከንቲባው ነገሩን መልሰው እንዲያስቡበት ተናገሩ። ካሜራዎቹንም በሌሊት የሚቈርጡና ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ተነሡ። ከንቲባው ግን ከሐሳባቸው ንቅንቅ አላሉም።

እንግዲህ በሜይ 2 ቀን 2024 ዓ.ም. ለተደረገው ምርጫ 13 ሰዎች ቀረቡ። ወይዘሮ ሱዛን ሆል የኮንሰርቫቲቭ ተወዳዳሪ ነበሩ። የዳር አገር ሰው ናቸው፤ የሃሮ ወረዳ ምክር ቤት መሪ ሆነው ያውቃሉ፤ ከዚያም በፊት የጠጕር ማስተካከያ ቤት ነበራቸው። ቃላቸው አጭርና ለመያዝ የሚመች ነበር፦ በሹመቴ በመጀመሪያው ቀን የዩሌዝን መስፋፋት አስቀራለሁ፤ ገንዘቡን ግን አየሩ ክፉኛ በተበላሸባቸው ቦታዎች ላይ አውላለሁ የሚል ነው። አስተያየታቸው በሩቁ ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ መርዙ ካለበት መጀመር ነውና። ዳሩ ግን ብናኙ ወሰን አያውቅም፤ መኪናውም ከዳር ተነሥቶ ወደ መካከል የሚነዳ ነው። ደግሞም ካን በየማይሉ የሚከፈል ቀረጥ ሊያመጡ ነው እያሉ አጥብቀው ተናገሩ፤ ካን በበኩላቸው ይህን እንደማያደርጉ ደጋግመው ቃል ገቡ። የሪፎርም ወገን ሚስተር ሃዋርድ ኮክስ ከዚህም አልፈው ክልሉን ከነሥሩ እነቅለዋለሁ አሉ። የአረንጓዴው ወገን ሚስ ዞዊ ጋርቤት ደግሞ በተቃራኒው፥ ዩሌዝ ብቻውን አይበቃም፥ ቀረጡ መኪናው በሄደበት መንገድ መጠን በትክክል ይከፈል ብለው ቆሙ። እንዲህ የሚባል ቃል ድምፅ እንደሚያሳጣ እያወቁ መናገራቸውን እናደንቃለን። ካውንት ቢንፌስ የሚባል፥ በራሱ ላይ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ደፍቶ የሚዞር ቀልደኛም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበረ፤ ከ24,000 በላይ ሰዎችም ድምፃቸውን ሰጡት! እንግሊዞች በምርጫቸው መካከል እንዲህ ያለውን ጨዋታ ይታገሣሉ።

ድምፁ ሲቈጠር ሚስተር ካን 1,088,225፥ ወይዘሮ ሆል 811,518 አገኙ፤ ይኸውም ከመቶ 43.8 እና 32.7 ማለት ነው። ካን ሦስት ጊዜ በመመረጥ የመጀመሪያው የሎንዶን ከንቲባ ሆኑ። ቤክስሊና ብሮምሊ፥ ሃቨሪንግና ሬድብሪጅ የመሳሰሉት የዳር ወረዳዎች ግን ድምፃቸውን ለሆል ሰጡ። ከመራጮቹም ወጥተው ድምፅ የሰጡት ከመቶ 40 ያህሉ ናቸው፤ ስለዚህ ሕዝቡ ሁሉ ዩሌዝን ወደደ ብለን ለመጻፍ አንደፍርም። ክልሉ ከሰፋ ስምንት ወር አልፎት ስለ ነበረ፥ ብዙው ሰው መኪናው ድሮውንም የማይከፍል መሆኑን በካሜራው ሥር እያለፈ አይቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በከተማው ከሚነዱት መኪናዎች ከመቶ 95 በላይ ደንቡን የሚያሟሉ ነበሩና። ከመምጣቱ በፊት ያስፈራ የነበረ ነገር ከመጣ በኋላ ፍርሃቱ ቀነሰ።

የከተማው አስተዳደር በማርች 2025 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ በየመንገዱ ዳር የሚለካው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ እነዚህ ክልሎች ባይኖሩ ኖሮ ሊሆን ከሚችለው ከመቶ 27 እጅ ያነሰ መሆኑን አስታወቀ። ጽሑፉ የባለ ጕዳዩ የራሱ ስለ ሆነ እንደ ተከራካሪ ቃል ተመዝኖ ይነበብ። ሆኖም ሎንዶን በ2024 ዓ.ም. ለዚህ አየር በሕግ ከተወሰነው ልክ፥ ማለት በአንድ ሜትር ኩብ 40 ማይክሮግራም፥ በታች መሆኗ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በማዕከላዊው መንግሥት ልኬት ነው።

የቀረው የብናኙ ነገር ነው። መርማሪው ዳኛ ባርሎ በኤፕሪል 2021 ዓ.ም. ለመንግሥቱ በጻፉት ወረቀት፥ ሌላ ልጅ እንደ ኤላ እንዳይሞት የአገሩ ሕግ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ልክ ይሁን ብለው ነበር። ያን ጊዜ የድርጅቱ ልክ ለቀጭኑ ብናኝ 10 ማይክሮግራም ነበር፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ድርጅቱ ጕዳቱን እንደገና መርምሮ ወደ 5 ዝቅ አደረገው። የእንግሊዝ መንግሥት በ2023 ዓ.ም. በሕግ የወሰነው ግን 10 ነው፤ የሚደረስበትም ጊዜ እስከ 2040 ዓ.ም. ድረስ ነው። በዚያ በምርጫው ሰሞን በሉዊሻም ከመንገዱ ዳር የተወለደ ሕፃን በ2040 ዓ.ም. 16 ዓመት ይሞላዋል።